የቦክስ ትራክ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ፦ ኦቨርሆል ነው፣ ሪማን ነው ወይስ ጃንክያርድ? ከነዋጋው

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰው ደውሎ አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "ካምቢዮው ማርሽ አልይዝ አለኝ፣ ኦቨርሆል ላሰራ ወይስ ያገለገለ ገዝቼ ላስቀይር?" ነው የሚሉት። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰአት በስልክ ከማወራ በቃ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። መልሴን ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ የራስን ካምቢዮ የትራንስሚሽን ስራ ብቻ በሚሰራ ጋራዥ ኦቨርሆል ማስደረግን፣ ማለትም አስፈትቶ ማሳደስን ነው የምመርጠው። ከጃንክያርድ፣ አሮጌና የተጋጨ መኪና ተፈትቶ እቃው ከሚሸጥበት ቦታ፣ የሚመጣውን በፍጹም አልመክርም፣ ከፋብሪካ ታድሶ የሚመጣው ሪማን የሚሉት ደግሞ ጥሩ እቃ ነው ግን የሚያዋጣው ለተወሰነ ሰው ነው። ይሄን ለማወቅ 5,400 ዶላር አውጥቻለሁ፣ ሂሳቡን ከታች አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

የማወራው አሊሰን የሚባለው ኩባንያ ስለሚሰራው 2000 ሲሪስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ልጆቻችን የሚጀምሩበት 26 ፊት ቦክስ ትራክ፣ ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ ስለማይበልጥ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) የማይጠይቀው ማለቴ ነው፣ ፍሬይትላይነር ኤም2 ይሁን ኢንተርናሽናል 4300 ይሁን ሂኖ 268፣ አውቶማቲክ ከሆነ ስሩ ገብታችሁ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው። ሴሚ የምትነዱ ዲቲ12 ወይም አይሺፍት ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም፣ የናንተ ፍሪሲዮን ያለው ማንዋል ካምቢዮ ሆኖ ማርሹን ኮምፒውተር የሚቀይርለት ስለሆነ አሰራሩም ዋጋውም ሌላ ነው።

የኔ እንዲህ ነው የጀመረው። ከሪችመንድ ጭኜ በ95 ሀይዌይ ወደ ሰሜን እየመጣሁ ፍሬደሪክስበርግ አካባቢ ስደርስ ሞተሩ ይጮሃል መኪናው አይሄድም፣ አርፒኤሙ ወደላይ ፍጥነቱ ወደታች፣ ከዛ ቼክ ትራንስ የሚለው መብራት በራና አንድ ማርሽ ላይ ቀረ። ቶው (መኪናውን ማስጎተቻ) 450 ዶላር። የወሰድኩት ሁሉንም ነገር የሚሰራ ጋራዥ ነበር፣ ፍሬንም ሞተርም ኤሲም የሚሰራ፣ ሰውየው አንድ ቀን አየውና "ይሄ ተቃጥሏል፣ ያገለገለ ፈልግና ልግጠምልህ" አለኝ። ጃንክያርድ ደወልኩ፣ 1,900 ዶላር፣ ማምጫ 250፣ መግጠሚያ 1,400፣ ዘይት 200። በሶስት ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ደስ ብሎኝ ለሰውም ስመክር ነበር።

አራት ወር ከአስራ አንድ ቀን ቆየልኝ። ከዛ ልክ እንደ በፊቱ መንሸራተት ጀመረ።

ያኔ ነው የቤተክርስቲያን ወዳጄ የሆኑ ትልቅ ሰው፣ ድሮ የአሰብ መስመር ሹፌር የነበሩ፣ ስነግራቸው "ዘይቱን ጣትህ ላይ አድርገህ አይተኸዋል ልጄ?" ያሉኝ። አላየሁም ነበር። አብረን ሄደን ዲፕስቲኩን፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ፣ አወጣን፣ ቀይ መሆን ያለበት ዘይት እንጆሪ በወተት የተመታ ጁስ መስሏል። ትዝ ሲለኝ የመጀመሪያው ካምቢዮ ሲወርድም ከስሩ የፈሰሰው እንደዛው ነበር፣ ቆሜ እያየሁት ምን ማለት እንደሆነ ስላላወቅኩ ዝም አልኩ፣ መካኒኩም ዝም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ትራክ ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ኩለር እያለፈ ነው። ያቺ ኩለር ውስጧ ከተበሳች የራዲያተሩ ኩላንት ወደ ካምቢዮ ይገባል። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ዲስኮች ላያቸው ላይ የተለጠፈ ነገር አላቸው፣ የሚይዙት በሱ ነው፣ ውሃና ኩላንት ሲገባ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ልጣፉ ተልጦ ዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጥፋቱ የካምቢዮው አልነበረም፣ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም አልነበረም፣ ራዲያተሩ ነው ሁለቱንም የበላው። መካኒኩ ካምቢዮ ቀይሮ ራዲያተሩን ትቶታል። እኔ በ1,900 ዶላር የገዛሁት ደህና እቃ ሊሆንም ይችል ነበር፣ አሁን ማወቂያ የለኝም። ሂሳቡ፣ 3,750 ለካምቢዮና ለመግጠሚያ፣ 450 ቶው፣ ሶስት ቀን ስቆም በቀን 400 ዶላር ብናስበው 1,200፣ ድምሩ 5,400። ይሄ ሁሉ ለአራት ወር ስራ።

ራዲያተር ባይሆን እንኳ ከጃንክያርድ የሚመጣው ብዙ ጣጣ አለው። ሻጩ "2000 ነው ይገጥማል" ይላችኋል፣ ግን 2000 አንድ አይነት እቃ አይደለም። 2100 ፓርክ የለውም፣ 2200 ፓርክ አለው፣ 2500 ደግሞ የማርሽ ሬሾው ራሱ የተለየ ነው፣ አንደኛው ማርሹ በጣም ከባድ ነው። እስከ 2005 የነበረው አምስት ማርሽ ነው፣ ከ2006 ወዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ስድስት፣ ያንተ ኮምፒውተር ስድስት ማርሽ እየጠበቀ አምስት ማርሽ ከሰቀልክለት ሲያለቅስ ነው የሚኖረው። ጎኑ ላይ ያለችውን የብረት ሰሌዳ ፎቶ አስልካችሁ ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን ከራሳችሁ ጋር ሳታስተያዩ ብር እንዳትልኩ። ዋራንቲ የሚሉትም 90 ቀን ሲሆን ለእቃው ብቻ ነው፣ ማውረጃና መስቀያው በናንተ ነው፣ የኔ ደግሞ 90ው ቀን ካለፈ በኋላ ነው የሞተው። ስንት ማይል እንደሰራ ይነግሯችኋል፣ ዘይቱ ስንቴ እንደተቀየረ ግን የሚነግራችሁ የለም፣ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ከማይሉ ይበልጥ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ሁለተኛው ላይ ተምሬ ስለነበር ዝም ብዬ አልወሰድኩትም፣ ሶስት ቦታ ኤስቲሜት (የዋጋ ግምት) አስወጣሁ።

ዲለር ጋር ሪማን፦ እቃው 7,400፣ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) አብሮ ነው፣ ማውረድና መስቀል 1,900፣ ዘይትና ፊልተር 300፣ ራዲያተር ከነስራው 1,350፣ በጠቅላላ 10,950። በዛ ላይ የድሮውን ካምቢዮ እስክትመልስ 2,000 ዶላር መያዣ ይይዛሉ፣ የመለስከው አካሉ ተሰንጥቆ ወይም ውስጡ ተሰባብሮ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ላይመልሱ ይችላሉ፣ ይሄን አስቀድማችሁ በጽሁፍ ጠይቁ። አምስት ቀን ይፈጃል አሉኝ።

የትራንስሚሽን ጋራዥ ጋር ኦቨርሆል፦ ማውረድ፣ መፍታት፣ ዲስክ፣ ሲል፣ ቡሽንግ፣ ኩሽኔታ፣ መግጠም 4,800፣ የታደሰ ኮንቨርተር 750፣ ራዲያተር ያው 1,350፣ ዘይትና ፊልተር 300፣ በጠቅላላ 7,200። ዘጠኝ የስራ ቀን።

ሶስተኛው ሌላ ጋራዥ ነው፣ "ኦቨርሆል" ብሎ 3,100 ዶላር አለኝ። በጣም ነበር የጓጓሁት። ምን ምን ትቀይራለህ ስለው ዲስክና ሲል ብቻ፣ ኮንቨርተሩን "እናጥበዋለን" አለ፣ ራዲያተሩን አላነሳውም። ኮንቨርተር የታሸገ ነገር ነው፣ ውስጡ የገባው የዲስክ ፍርፋሪና ብረት በውጭ በማጠብ አይወጣም፣ አዲሱ ካምቢዮ ገና ሲነሳ ያንን ቆሻሻ ነው የሚጠጣው። ለዲስኩም የምርት ስም የሌለው ነጭ ካርቶን አሳየኝ። 3,100ው ርካሽ አይደለም፣ ስራው ግማሽ ስለሆነ ነው።

የቆምኩበትን ቀን ጨምሬ ሳሰላው ኦቨርሆሉ 7,200 ሲደመር ዘጠኝ ቀን በ400፣ 10,800። ሪማኑ 10,950 ሲደመር አምስት ቀን፣ 12,950። ልዩነቱ 2,150 ዶላር ነው፣ በኔ ስራ ከመኪናው ክፍያና ከኢንሹራንስ በላይ ይህን ያህል ለማትረፍ ስንት ሎድ መጫን እንዳለብኝ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግን ለኔ ከገንዘቡም በላይ የወሰነልኝ ሌላ ነው። ኦቨርሆል ሲሆን የራሴ ካምቢዮ ነው፣ ከኮምፒውተሬ ጋር መግጠሙ አያጠያይቅም፣ ደግሞም ሲፈታ ምን እንደገደለው ይታያል። የመጀመሪያውን ካምቢዮ የሚፈታው ሰው ቢኖር ኖሮ ራዲያተሩ ያኔውኑ ይያዝ ነበር። (የመጀመሪያውን የራሴን ካምቢዮ ጋራዡ ለኮር፣ ማለትም ታድሶ እንዲሸጥ፣ ሸጦት ስለነበር ኦቨርሆል የተደረገው ከጃንክያርድ የመጣው ነው፣ ሞዴሉ ከኔ ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ ነው የተረፍኩት።)

አሁን የትራንስሚሽን ጋራዥ ከመረጣችሁ ምን እንደምትጠይቁ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ኦቨርሆል የሚለው ቃል ስር ብዙ ነገር ይደበቃል። ሲፈታ ፎቶ ላኩልኝ በሉ፣ የተቀየረውን አሮጌ እቃ አትጣሉት በሉ። የኔ ሰው አምስቱንም የፍሪሲዮን ክፍሎች፣ ሲ1 እስከ ሲ5 የሚሏቸውን፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አሳየኝ፣ ዲስኮቹ በጥፍር ሲነኩ ልጣፋቸው እንደ እርጥብ ካርቶን ይነሳ ነበር። የዘይት ፓምፑንም አሳየኝ፣ እሱ ደህና ስለነበር አልተቀየረም፣ ካስከፈለኝ ዋጋ ላይም ቀነሰልኝ።

ከዛ ፊልተሩ። የዚህ ካምቢዮ ፊልተር እንደ ሞተር ዘይት ፊልተር በውጭ የሚጠመዘዝ ነው፣ ላዩ ላይ ቀለበት የምትመስል ማግኔት አለች። ፊልተር የሚቀይሩ ብዙ ሰዎች ማግኔቷን ከአሮጌው ጋር አብረው ይጥሏታል፣ ኮፒ ፊልተር ስትገዙ ደግሞ ማግኔት ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ በ15 ዶላር ልዩነት ብረት የሚሰበስብላችሁን ነገር ታጣላችሁ። ኦሪጅናሉን ግዙ፣ ማግኔቷን በአይናችሁ እዩ።

ዘይቱም ላይ እንዳትሸወዱ። አሊሰን የሚመክረው ቴስ 295 የሚባለውን የራሱን የዘይት ደረጃ ወይም አሁን በሱ ቦታ የመጣውን ቴስ 668 የሚያሟላ ዘይት ነው፣ 668ቱ ከ295 ጋር መቀላቀል ይችላል። ጣሳው ላይ "ለአሊሰን ይሆናል" ተብሎ መጻፉ ማጽደቂያ አይደለም፣ የጸደቀው የማጽደቂያ ቁጥር አለው። ርካሹን አምስት ጋሎን ብትገዙ ምናልባት 100 ዶላር ታተርፋላችሁ፣ 7,200 ላወጣችሁበት እቃ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ እሱም ኮምፒውተሩ። ካምቢዮው ሲያረጅ ኮምፒውተሩ ከዲስኮቹ መሳሳት ጋር ራሱን እያስተካከለ ነው የሚሄደው፣ አዲስ ዲስክ ሲገባ ያ የተማረው ነገር በአሊሰን ሶፍትዌር ተሰርዞ ከአዲስ መማር አለበት። ካልተደረገ ማርሽ ሲቀይር ይመታል ወይ ይንሸራተታል፣ አዲሱን ዲስክ ገና በጠዋቱ ይበላዋል። ሶፍትዌሩ የሌለው ጋራዥ ከሆነ ሌላ ቦታ ወስዶ እንዲያሰራ ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ሪማን ለማን ነው የሚሆነው ካላችሁ፣ ሩቅ ለሚሄድ ሰው ነው። እኔ ከኤዲሰን ኒው ጀርሲ እስከ ሪችመንድ ነኝ፣ የትም ብቆም ጋራዡ በግማሽ ቀን ይደረስበታል። ቴክሳስና ጆርጂያ የሚመላለስ ልጅ ግን የሰፈር ጋራዥ የሰጠው የአንድ አመት ዋራንቲ ሂውስተን ላይ ምንም አያደርግለትም፣ እሱ 2,150ውን ከፍሎ ሌላ ስቴትም የሚሰራ ዋራንቲ ቢይዝ እኔም እሱን ነው የምመክረው። እንዲሁም የካምቢዮው አካል የተሰነጠቀ ከሆነ ኦቨርሆሉ ራሱ ስለሚወደድ ሪማኑ ይሻላል።

የኔ ከተሰራ ወዲህ የመጀመሪያውን ፊልተር 5,000 ማይል ላይ ቀየርኩት፣ ማግኔቷ ላይ የነበረው እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው፣ እሱ ጤና ነው፣ የሚያስፈራው በጣት የሚያዝ የብረት ስንጥር ሲገኝ ነው። አሁን 61,000 ማይል ሆኖታል። በየሳምንቱ እሁድ ዲፕስቲኩን አውጥቼ ነጭ ሶፍት ላይ አንጠባጥበዋለሁ፣ ቀይ ነው።

ባለፈው ሀሙስ የደወለልኝ ወንድማችን መኪናው 380,000 ማይል ሄዷል፣ ሞተሩም ዘይት ይበላል አለኝ። ለሱ ኦቨርሆልም ሪማንም አላልኩትም፣ መጀመሪያ ሞተሩን አስመርምር፣ ራዲያተሩን በፕሬዠር አስፈትሽ፣ 150 ዶላር የማይሞላ ነገር ነው፣ ከዛ ደውልልኝ ነው ያልኩት። ነገ ውጤቱን ይነግረኛል።