የድሮ ቤት ግድግዳ ስታድሱ፦ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ?

የቤተሰብ ቤት የማደስ ሐሳብ ያለው ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው፣ ልስኑ ረግፏል ግድግዳው ተሰነጣጥቋል በምን ላስለስነው? መልሴን ከአሁኑ ልናገር። ግድግዳው ጭቃ ወይም በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ከሆነ ኖራ። ሲሚንቶ ለአዲስ ብሎኬት ቤት ጥሩ ነው፣ ለአሮጌ የጭቃ ግድግዳ ግን አይሆንም።

መጀመሪያ ዋጋ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰው ሱቅ ሄዶ ኪሎን ከኪሎ ያወዳድርና ኖራ ተወደደብኝ ብሎ ይመለሳል፣ ልስን የሚቦካው ግን በባልዲ እንጂ በሚዛን አይደለም። 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር አካባቢ ነው፣ የኖራ ዱቄት ቀላል ስለሆነ ግን 25 ኪሎው ብቻ ከ40 ሊትር በላይ ይሰፈራል። እስቲ 100 ካሬ ግድግዳ በ2 ሴንቲ ውፍረት አስቡት፣ 2 ሜትር ኩብ ልስን ማለት ነው። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ሲሆን አሸዋው ብቻውን 2 ሜትር ኩቡን ይሞላዋል፣ ኖራው በአሸዋው መሃል ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ወደ 670 ሊትር ኖራ ማለትም 16 ከረጢት ባለ 25 ኪሎ፣ ድምሩ 400 ኪሎ። ሲሚንቶውን በ1 ለ5 ብታቦኩት 400 ሊትር፣ 11 ወይም 12 ከረጢት ባለ 50፣ ወደ 575 ኪሎ። እና ኖራ በኪሎ 40 በመቶ ቢወደድ እንኳ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ዋጋው እኩል ይመጣል!

ኖራ እውነት የሚያስወጣው ጉልበት ላይ ነው፣ ይሄን አልደብቅም። አንዱ ድርብ ከ1 ሴንቲ ብዙም አይወፍርም፣ ቀጣዩ ከመመረጉ በፊት የታችኛው እስኪጠነክር መጠበቅ አለበት፣ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀውም ውሃ እየረጩ መሸፈን ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ መልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው፣ አትቸኩሉበት። ስለዚህ ከባለሙያ ጋር በቀን ሳይሆን በካሬ ተዋዋሉ፣ በቀን ከሆነ የምትጠብቁበትን ቀን ሁሉ ትከፍላላችሁ።

ሲሚንቶ ርካሽ የሚመስለው ደግሞ እስኪበላሽ ድረስ ነው። ጭቃ ይለጠጣል ይኮማተራል፣ ሲሚንቶ ግን ደርቆ ይቆማል፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ይከፈትና ዝናብ ይገባል፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትም አለ፣ የገባው ውሃ በሲሚንቶው በኩል ተኖ መውጣት ሲያቅተው ጭቃው ከኋላ ይለሰልሳል፣ እንጨት ካለበት እንጨቱም ይበሰብሳል። የማውቃቸው ቤተሰብ ሽቦ አስቸንክረው በሲሚንቶ አሳምረው አስለስነውት ነበር፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ሲፈርስ ግድግዳውንም ይዞት ወረደ። የማፍረሻ፣ የፍርስራሽ ማስወጫ፣ የግድግዳ መጠገኛ፣ እንደገና ማስለሰኛ፣ አራት ክፍያ። ሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ቤት ካላችሁ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ለቋል ማለት ነው። ኖራ ግን ቢሰነጠቅም ቦታውን አርጥቦ እዛው መድፈን ይቻላል፣ ቀጭን ስንጥቅ በኖራ ቀለም ብቻ ይሞላል።

አሁን ዋናው ራስ ምታት፣ አስመሳዩ ኖራ። በመጋዘን ብዙ የከረመ ወይም ከረጢቱ የተቀደደ ኖራ አየር እየሳበ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ወደ ተራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከመጀመሪያው የተፈጨ ድንጋይ ይቀላቀልበታል፣ ነጭ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ትንሽ ዱቄት ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ አውጥቶ ከፈላ ሞቷል፣ አይያያዝም፣ ዝም ካለ በአብዛኛው ደህና ነው። ያልበረደ፣ ማለትም ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልነካው ድንጋይ ኖራ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒ ነው፣ ውሃ ሲነካው በኃይል መሞቅና መፈራረስ አለበት፣ ዝም ካለ አትግዙ። ዓይን ያሳውራልና ያለ መነጽርና ጓንት እንዳትነኩት፣ ልጆችም አይቅረቡ።

ቀለምም ላይ እንዲሁ ነው። ቆርቆሮው ላይ "ተፈጥሯዊ" ተብሎ የተጻፈበት ብዙው ፕላስቲክ ቀለም ነው፣ እሱን ኖራ ላይ መቀባት ግድግዳውን በላስቲክ መጠቅለል ነው፣ የኖራው ገንዘብ ባከነ። ደርቆ ሲፋቅ እንደ ስስ ላስቲክ ከተላጠ እሱ ነው። እውነተኛው የኖራ ቀለም ኖራና ውሃ ነው፣ ከተፈለገ የአፈር ቀለም ይጨመርበታል፣ ሦስት አራት ጊዜ ሳስቶ ይቀባል፣ ከቀለም ሁሉ ርካሹም እሱ ነው።

ውስጡን ለማስጌጥ ጀሶ የምታስቡ፣ እርጥበት በሌለው ክፍል ብቻ ይሁን። በጀቱ በጣም ካነሰባችሁ ውስጡን በጭቃ፣ በአሸዋና በጭድ አስመርጉት፣ ኖራውን ዝናብ ለሚመታው ለውጪው አቆዩት። ከሁሉ በፊት ግን ጣሪያውንና አሸንዳውን አስጠግኑ፣ ከላይ እያፈሰሰ የሚለሰን ግድግዳ ኖራም ቢሆን አይቆይም።