እማዬ፣ ሂተሩና የ55 ዶላሩ ብርድ ልብስ

የጃንዋሪን የመብራት ቢል ስከፍተው 312 ዶላር ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት፣ ማሞቂያውም ማብሰያውም በኤሌክትሪክ። በሌላው ክረምት ከ200 ብዙም አያልፍብኝም ነበር።

ዘንድሮ ምን ተለወጠ? እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች። ብርድ ደግሞ አትችልም። ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ሂተር ገዝቼ አስቀመጥኩላት። ማታ 4 ሰዓት ይበራል፣ ንጋት 12 ሰዓት ይጠፋል። ሂተሩ 1500 ዋት ነው፤ በ8 ሰዓት 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በእኔ ቢል የመብራት ማድረሻ ክፍያው፣ ታክሱ፣ ሁሉም ሲደመር አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 20 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። አስሉት፦ በሌሊት 2 ዶላር ከ40፣ በወር 72 ዶላር።

ቀሪው ጥፋት የራሴ ነው። ማታ ቴርሞስታቱን (የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ) 64 ፋራናይት ላይ አውርጄ፣ ጠዋት በአንዴ 72 አደርገው ነበር። የቤታችን ማሞቂያ ሂት ፓምፕ ነው። ከውጭው አየር ሙቀት እየለቀመ ወደ ቤት ያስገባል፣ ስለዚህ ብዙ አይፈጅም። ድንገት ስምንት ዲግሪ ጨምር ሲባል ግን አቅም ያጥረውና መጠባበቂያ ማሞቂያውን ይለኩሳል። ያ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ ነው፤ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል። አሁን 68 ላይ ትቼው አልነካውም። (ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ኩሽናው በነፃ ይሞቃል እላለሁ። ምጣዱ ራሱ ከሂተሩ ብዙም እንደማያንስ ግን አውቃለሁ።)

ወደ ብርድ ልብሱ ልምጣ። ለአንድ ሰው የሚሆን፣ በ55 ዶላር የገዛሁት የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ነው። መለያው ላይ 100 ዋት ይላል። ሌሊቱን ሙሉ በመጨረሻው ሙቀት ቢበራ እንኳ 16 ሳንቲም ነው።

እማዬ ገመዱን አየችና፣ «አንቺ ልጅ፣ ኮረንቲ ላይ አስተኝተሽ ልትገይኝ ነው?» አለች። የመጀመሪያውን ሌሊት አጥፍታው፣ በጋቢዋ ተጠቅልላ አደረች። በሁለተኛው እኔ ቀድሜ አልጋውን አሞቅኩና ስትተኛ ወደ ዝቅተኛው መለስኩት። በሦስተኛው ሌሊት ገብቼ ሳይ ጋቢው ወለል ላይ ወድቋል።

እንከን አለው። የመጀመሪያው በ11ኛው ቀን ከእግር በኩል መሞቅ አቆመ፤ ሱቁ ሳይጨቃጨቅ ቀየረልኝ። የመቆጣጠሪያው መብራት ዓይን ይወጋል፤ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ሽቦው ከእግር በኩል ይቆረቁራል። እየበራ ማጠፍና ፍራሽ ስር መጠቅጠቅ አይቻልም። ለሕፃን አይሆንም፤ ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዝ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይጠቀም ይሻላል፣ ቢያቃጥለው ላይሰማው ይችላል። ደግሞ የሚያሞቀው አልጋ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ንጋት ላይ እስከ ሽንት ቤት ያለችውን መንገድ እማዬ እየተራገመች ነው የምትሄደው።

የፌብሩዋሪ ቢል 221 ዶላር መጣ። ሁሉንም ለብርድ ልብሱ አልሰጠውም፤ ብርዱም ትንሽ ለቀቅ አድርጎ ነበር፣ ቴርሞስታቱም አለ። ሂተሩ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ለብርድ ልብሱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ለዚያች 11ኛ ቀን ነው።

ኤፕሪል ላይ ስትመለስ ሻንጣዋን ልመዝን ብከፍት ብርድ ልብሱ ከታች ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ለሐምሌ ነው» አለችኝ። የዚህ አገር ዕቃ 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220 ላይ ስትሰኪው ይቃጠላል ብዬ አወጣሁት። እስከ ዛሬ በደወልኩ ቁጥር ታነሳብኛለች።