ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ዞሪንና ዴቢያን ሲነጻጸሩ

ዘንድሮ አዳማ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) እንደሆነ ይጠይቅ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰቦች የተፈቀደው ማራዘሚያም የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ወገን በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ባሉት ሱቆች ብትጠይቁ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የሚያቀርብላችሁ አታጡም፤ እሱ 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። 8ኛ የሚገኘው ጂ5 ላይ ሲደረስ ነው።

ሻጩ «ችግር የለም፣ 11 ጭኜልህ ትወስዳለህ» ይላል። እውነቱን ነው፣ መፈተሻው ታልፎ ይጫናል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ በተጫነ ማሽን ላይ ማሻሻያ ይደርሳል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ጂ3 ግን ጉልበት አላነሰውም። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካለው በሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፋንታ በሚጫነው ሲስተም፣ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ የሚገዛውም ከጂ5 ባነሰ ዋጋ ነው። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነውና ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው፤ እሱን የሚወስኑት ደግሞ ያለሱ ሥራችሁ የማይሄደው ፕሮግራምና ኢንተርኔት የምታገኙበት መንገድ ናቸው። የስክሪኑን ውበት ለመጨረሻ አቆዩት።

ሊኑክስ የማያዋጣው ሰው

ከዚህ እንጀምር፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነውና። የሒሳብ ሥራችሁ በፒችትሪ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። አውቶካድና ፎቶሾፕም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን በሚባለው መሣሪያ ለማስነሳት መታገል ይቻላል፣ ነገር ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የሚሞከር ነገር አይደለም።

የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችም ረጋ በሉ። ሊብሬኦፊስ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ ያርማል፣ ያስቀምጣል። ችግሩ ፎንቱ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ተጽፎ ይመጣል፤ ሁለቱም ከሊኑክስ ጋር አይመጡም። ሲስተሙ በራሱ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይተካቸዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ በ2 ገጽ ያለቀው ደብዳቤ ፊርማውና ማኅተሙ የሚያርፉበት ቦታ ብቻውን 3ኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ የድሮ ፋይል ከሆነማ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። የፎንቱን ፋይል አምጥቶ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም በየቀኑ የሰው ፋይል የሚያትም ቤት ቢያንስ አንድ ማሽን በዊንዶውስ ቢያስቀር ይሻለዋል። ሌላውን ማሽን ግን ወደ ሊኑክስ ቢያዞረው ይጠቀማል፤ ፋይል ደብቆ አቋራጭ የሚያስቀምጠው የፍላሽ ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይነሳም፣ የተደበቁት ፋይሎችም ቦታቸው ላይ ይታያሉ።

ሚንት ወይስ ኡቡንቱ

ፉክክሩ ያለው እዚህ ነው፤ ለብዙው ሰው የእኔ መልስ ሚንት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣው ሚንት 22 የተሠራው በኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው፣ ሁለቱም እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛሉ። መሠረታቸው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ላያቸው ላይ ነው ብላችሁ ልትገምቱ ትችላላችሁ፤ የሚለያዩት ግን በአመጋገባቸውም ነው። ኡቡንቱ 24.04 በይፋ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል፤ በ4 ጊጋ ማሽን ላይ ብሮውዘር ተከፍቶ ቴሌግራም ሲጨመርበት ማቃሰት ይጀምራል። ሚንት ከ2 ጊጋ ይነሳል፣ 4 ይመከራል። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀላል ገጽ ከመረጣችሁ የ4 ጊጋ ላፕቶፕ ያለ ጭንቀት ይሠራል። ማውረጃውም ይለያያል፤ ሚንት ወደ 3 ጊጋ፣ ኡቡንቱ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል።

ከስልክ ዳታ እያካፈላችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የስናፕ ነገር አለ። ኡቡንቱ ፋየርፎክስንና ሌሎችንም ስናፕ በሚባል የራሱ የፕሮግራም እሽግ መልክ ይሰጣል፤ ስናፕ ደግሞ በቀን 4 ጊዜ ያህል አዲስ ነገር ካለ እያየ ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል። ጠዋት የተሞላ ፓኬጅ ከሰዓት ላይ ያለቀበት ሰው ቴሌን ከመርገሙ በፊት ይህን ይፈትሽ። ማቆያ ትእዛዝ አለው፣ ግን ማን ያስታውሰዋል! ሚንት ስናፕን ከነጭራሹ አያስገባም። የማሻሻያ ዝርዝሩን ከነመጠኑ ያሳያችኋል፣ የሌሊት ፓኬጅ እስክትገዙ ይጠብቃል። ሚንት ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ፕሮግራም ስትጭኑ ነው። አንዳንዱ በሁለት መልክ ይቀርባል፤ ፍላትፓክ የሚለውን ከመረጣችሁ ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም መቶዎች ሜጋ ይወርዳሉ። የሲስተም ፓኬጅ የሚለውን ውሰዱ።

ታዲያ ኡቡንቱ ለማን ነው? ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በተለይ ሶፍትዌር ወይም ሮቦቲክስ ለሚያጠና። ዶከርም ሆነ የሮቦት ሶፍትዌሩ ሮስ ወይም የክላውድ ሰርቨር፣ አብዛኛው መመሪያ መጀመሪያ የሚጻፈው ለኡቡንቱ ነው። ከመመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሲስተም ላይ መሥራት ሌሊቱን ከማጋመስ ያድናል። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚወጣውን ኤልቲኤስ (ድጋፉ ረጅም የሆነውን) ብቻ ውሰዱ፤ በመሃል የሚወጡት፣ እንደ 25.10 ያሉት፣ ድጋፋቸው 9 ወር ነው። ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነፃ ይሰጣል፣ ማሻሻያውንም ወደ 10 ዓመት ያራዝመዋል።

ዞሪንና ዴቢያን

ዞሪን 18 የወጣው ዊንዶውስ 10 በተሰናበተበት በዚያው ዕለት ነው፤ አጋጣሚ ነው የሚል የዋህ ካለ ይበል። መልኩን ዊንዶውስን እንዲመስል ማስተካከል ይቻላል፣ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል ስትነኩም በምትኩ ምን እንደሚጫን ይጠቁማል። ለእናት ወይም ለአባት ላፕቶፕ የምታዘጋጁ ከሆነ ጥሩ ነው። ፕሮ የሚባለው በገንዘብ የሚሸጥ ነው፣ አያስፈልጋችሁም፤ ነፃው ኮር ይበቃል።

ዴቢያን 13 ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ። ቁምነገሩ መርጋቱ ነው፤ ዛሬ የጫናችሁት ከሁለት ዓመት በኋላም ያው ነው። ኢንተርኔት ለሌለው የትምህርት ቤት ላብ ከዚህ የሚመች የለም፤ የመጀመሪያው የዲቪዲ ፋይል አንዴ ከወረደ ከነሊብሬኦፊሱ ያለ ኢንተርኔት ማሽን በማሽን ይጫናል። የድሮ ባለ 32 ቢት ሚኒ ላፕቶፕ ያላችሁ ግን 13ን አትሞክሩ፤ ለ32 ቢት መጫኛ የነበረው የመጨረሻው 12 ነው።

አማርኛ መጻፍ ለአራቱም አያስቸግርም። ዊንዶውስ ላይ የምታውቁት ኪማን ለሊኑክስም አለ፣ አመታቱም ያው ነው።

ሳትከፍሉ በፊት

አራቱም ሳይጫኑ ከፍላሽ ላይ ተነስተው ይሞከራሉ፤ ለገዢ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ቬንቶይ የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጫኑና የሚንትን፣ የኡቡንቱንና የዴቢያንን ፋይል አብራችሁ ቅዱበት፤ የዴቢያኑ ግን ከዲቪዲው ሌላ የሆነው፣ ላይቭ የሚባለው ይሁን። ሱቅ ውስጥ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9ን፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12ን እየነካችሁ አብሩት። ካልተነሳ ሴኪዩር ቡት የሚለውን ከባዮስ (ከማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) አጥፉት። ከፍላሽ ሲሠራ መንቀርፈፉ አይቀርምና በፍጥነቱ አትፍረዱበት። ዋይፋዩ ይያዝ፣ ካሜራው ይብራ፣ ድምፁ ይውጣ። በቀትር ሙቀት 10 ደቂቃ ቪዲዮ ከፍታችሁ ከሥሩ እጃችሁን አስጠጉ፤ ማራገቢያው እየጮኸ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ መታየት አለበት።

ከዚያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍታችሁ ዩፓወር ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ሰረዝና ዲ ጻፉ (upower -d)። ከሚወጣው ዝርዝር ኢነርጂ ፉል እና ኢነርጂ ፉል ዲዛይን የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩ። የመጀመሪያው የሁለተኛውን ግማሽ ካልሞላ ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ የባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ። በመጨረሻ አጥፍታችሁ ወደ ባዮስ ግቡ፣ ኤችፒ ላይ በኤፍ 10። እነዚህ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የውጭ ድርጅቶች የነበሩ ናቸውና ፓስወርድ ከጠየቀ፣ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ካልከፈተው በቀር ማሽኑን መልሱለት።