የ«ናይስ» የዘር ሐረግ በኦንላይን ኢቲሞሎጂ ዲክሽነሪ

የእንግሊዝኛ ቃላትን አመጣጥ መመርመር ለሚወድ ሰው፣ አሜሪካዊው ዳግላስ ሃርፐር ያዘጋጀው ኦንላይን ኢቲሞሎጂ ዲክሽነሪ በነጻ ከሚገኙት መዛግብተ ቃላት ሁሉ ቀዳሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥራቱን ለመመዘን «ናይስ» የሚለውን የዘወትር ቃል መፈለግ ይበቃል። ዛሬ «ደስ የሚል» ወይም «ደግ» ማለት የሆነው ይህ ቃል ሥሩ «የማያውቅ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲኑ «ኔስኪዩስ» ሲሆን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ቂልን ሰው መጥሪያ ነበር፤ ከዚያም «ምርጫ የሚያበዛ»፣ ቀጥሎ «ጥንቁቅ» የሚሉትን ፍቺዎች አልፎ፣ የዛሬውን «ደስ የሚል» የሚለውን ትርጉም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1769 እንደሆነ መዝገቡ ያሳያል። ስድቡ ሙገሳ ሆኖ አረፈ ማለት ነው።

በተለይ የወደድኩት አንዱን ቃል ከዘመዶቹ ጋር ማገናኘቱን ነው፤ ለ«ኔስኪዩስ» መሠረት የሆነውን፣ «ማወቅ» የሚል ፍቺ ያለውን የላቲን ግስ «ስኪሬ»ን የተከተለ አንባቢ «ሳይንስ» ላይ ይደርሳል፤ አላዋቂነትና ሳይንስ ከአንድ ግንድ መብቀላቸው ያስገርማል።

ጉድለት ከተባለ፣ ቃሉ በየዘመኑ እንዴት እንደተጻፈ የሚያሳዩ ጥቅሶች ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጾች የታተመው ሁለተኛው እትም የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በዚህ ረገድ አቻ የለውም፤ ሆኖም የኦንላይን እትሙ በክፍያ በመሆኑ፣ ለተማሪና ለተርጓሚ የዕለት ሥራ የሃርፐርን አስቀድማለሁ።