ለማስተማር የቱ ቨርቹዋል ዓለም ይሻላል? ስክራች፣ ማይንክራፍት፣ ሮብሎክስ፣ ሰከንድ ላይፍ እና ኦፕንሲም

ለክፍል የሚሆን ቨርቹዋል ዓለም፣ ማለትም ተማሪዎች በኮምፒውተር ገብተው የሚሠሩበትና የሚገናኙበት ዓለም፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ምስሉ ላይ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ተማሪው የሠራውን ይዞ መውጣት ይችላል ወይ? ኩባንያው ነገ በሩን ቢዘጋስ?

ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። ሰዎች የሚሰባሰቡበት የማይክሮሶፍቱ ቨርቹዋል ዓለም፣ አልትስፔስቪአር፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ተዘጋ። ሞዚላም ሃብስ የተባለውን ተመሳሳይ አገልግሎቱን በሜይ 2024 መጨረሻ አቆመ። በሁለቱም ውስጥ ክፍል ከፍተው የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ። ልዩነቱ የሃብስ ኮድ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። ሙያው ያለው ሰው በራሱ ሰርቨር ላይ አስነሥቶት መቀጠል ቻለ። በአልትስፔስ ይህ ዕድል አልነበረም።

ለልጆች ከሆነ ምርጫው በስክራች እና በማይንክራፍት ኤዱኬሽን መካከል ነው። ስክራች እውነቱን ለመናገር ውስጡ ገብተው የሚዘዋወሩበት ስሪዲ ዓለም አይደለም። ግን ልጅ የራሱን ዓለም ከባዶ እንዲፈጥር ከዚህ የቀለለ በር አላየሁም። ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ እስከ ዛሬም በነጻ ነው። ኮዱ አይጻፍም፤ ባለ ቀለም ብሎኮች እየተጎተቱ ይገጣጠማሉ። በብሮውዘር ይሠራል፤ ኢንተርኔት ለሌለበት ክፍል ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን አፕ አለው። ከቋንቋ ምርጫዎቹ ውስጥ አማርኛም አለ። ሥራው የሚቀመጥበት ፋይል በመሠረቱ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች የታጨቁበት አንድ ፋይል፣ ነው። የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይረው ቢከፍቱት ልጁ የሣላቸው ሥዕሎችና የቀዳቸው ድምፆች አንድ በአንድ ይወጣሉ። በእኔ መለኪያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ማይንክራፍት ኤዱኬሽን፣ ብሎክ እየደረደሩ ዓለም የሚገነቡበት ጌም የትምህርት ቤት እትም፣ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚገዙ ይወቁት። ማይክሮሶፍት ማይንክራፍትን እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛ፤ የትምህርት ቤቱን እትም እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣ። ዋናው ጥቅሙ መምህሩ የሚያገኘው ቁጥጥር ነው። «ቦርደር» የሚባለውን ብሎክ መሬት ላይ ከደረደሩት ተማሪ በላዩም በሥሩም አያልፍም። «ዲናይ» የሚባለው ደግሞ በላዩ ላይ መሥራትም ማፍረስም ይከለክላል። የጓደኛውን ቤት ማፍረስ የሚወድ ልጅ የማይጠፋበት ክፍል ላለው መምህር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ለኬሚስትሪ ክፍሉ ብቻ ሲባል እንኳ ሊገዛ የሚገባው ነው እላለሁ። ልጁ ሄሊየም፣ ላቴክስ፣ ቀለምና ማሰሪያ አገጣጥሞ ፊኛ ይሠራል። ፊኛውን በግ ላይ ቢያስር በጉ ወደ ሰማይ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሄሊየም ከአየር እንደሚቀል ማስረዳት አያስቸግርም። ኮድ ለመማርም የሚጎተት ብሎክ እና ፓይተን የሚባለው የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ሁለቱም አሉት።

ጣጣውም አለ። እያንዳንዱ ተማሪ የትምህርት ቤት የማይክሮሶፍት አካውንትና በየዓመቱ የሚታደስ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። አካውንቶቹን የሚያስተዳድር የአይቲ ሰው ከሌለ ሳምንቱ በፓስወርድ ብቻ ያልቃል። በተለመደው አሠራር ዓለሙ የሚነሣው በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ ነው። ተማሪዎቹ በአራት ትንንሽ ሥዕሎች በተሠራ ኮድ ይገባሉ፤ የመምህሩ ላፕቶፕ ባትሪው ካለቀ ግን ሁሉም ውጭ ናቸው። ደግነቱ ዓለሙን እንደ ፋይል አውጥቶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ልጁ ቤቱ የሚጫወተው ማይንክራፍት ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። «ቤት አለን፣ አንገዛም» አይሠራም።

ሮብሎክስ ሌላ ዓይነት ነው፤ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ጌም ሠርተው ለሌሎች የሚለቁበት ነው። መሥሪያው ሮብሎክስ ስቱዲዮ ነጻ ነው፤ የሚጻፍበት ሉዋውም እውነተኛ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ግን ስቱዲዮው ዊንዶውስ ወይም ማክ ይፈልጋል፤ ታብሌት ብቻ ካለ ይርሱት። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ማስቀረት ቢቻልም ከስቱዲዮ ውጭ ብዙም አይጠቅምም። በዚያ ላይ ሮበክስ የሚባለው ገንዘቡና ከማያውቁት ሰው ጋር መወያየቱ አለ። ስክራችን ለጨረሱ ጎረምሶች፣ ያውም ጌሙን ለሕዝብ ሳይለቁ ስቱዲዮው ላይ ብቻ ቢሠሩበት እመርጣለሁ። ለትንንሾቹ አልመክርም።

ለኮሌጅና ለአዋቂዎች ፉክክሩ በሰከንድ ላይፍ እና በኦፕንሲም መካከል ነው። ሰከንድ ላይፍን ሊንደን ላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከፈተው። ሰው አለበት፣ የሚታይ የሚጎበኝ አለበት። ዕቃው ከኪዩብና ከሉል እዚያው ይገነባል። አንድ ኪዩብ ሠርተው አዲስ ስክሪፕት (ዕቃው ምን እንደሚያደርግ የሚነግር አጭር ኮድ) ቢከቱበት «ሄሎ፣ አቫታር!» ይላል፤ ቢነኩት ደግሞ መነካቱን ይናገራል። ኮድ ጽፎ ለማያውቅ የሥነ ጥበብ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት የለም። ችግሩ መሬቱ ኪራይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያው ለትምህርት ተቋማት ይሰጥ የነበረውን ግማሽ ቅናሽ እንደሚያቆም አሳወቀ። በኋላ ቢመልሰውም ያኔ ብዙ መምህራን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኦፕንሲም ሄዱ።

ኦፕንሲም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ከሰከንድ ላይፍ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኛው ስክሪፕት እንዳለ ይሠራል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻውን ይነሣል፤ ዓለሙ የግቢው ብቻ ይሆናል። አንድ ትእዛዝ ጽፈው መሬቱን፣ ሕንፃውን፣ ስክሪፕቱን ሁሉ በአንድ ፋይል ያወጡታል። ለቀጣዩ ክፍል ያንኑ ፋይል መልሰው ይጭኑታል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም? ኔትወርክ የሚገባው ሰው ስለሚፈልግ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካለዎት ኦፕንሲምን ይውሰዱ፤ ከሌለ ሰከንድ ላይፍ ውስጥ ትንሽ መሬት ይከራዩ።

ዓለሙን በዙሪያዎ እንዳለ አድርጎ የሚያሳየውን የቪአር መነጽር ለጊዜው ይተዉት። ከላይ ካሉት አንዱም መነጽር ግዴታ አያደርግም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለውን በጣም ደካማ ኮምፒውተር ይምረጡና በእሱ ይሞክሩ። «አወር ኦፍ ኮድ» የሚባሉት የማይንክራፍት ኤዱኬሽን አጫጭር የኮድ ትምህርቶች ያለ ላይሰንስ ስለሚከፈቱ ለዚህ ይበቃሉ።