የአያቴን ንቅሳትም ሩጫዬንም ላተረፈችልኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ስምንት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ንቅሳት በተሠራበት ዕለት ሁሉም ያምራል፤ የባለሙያው እጅ የሚታወቀው ቆዳው ድኖ፣ ቅርፊቱ ረግፎ፣ መስመሩ እንዳለ ሲገኝ ነው። የእኔ ድኗል። ባለፈው እሑድ በታላቁ ሩጫ ከመስቀል አደባባይ ተነስቼ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሻለሁ፤ በግራ ትከሻዬ ጀርባ ያለው ንቅሳትም አንዲት ነጥብ አልጎደለበትም። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ንቅሳቱ የአያቴ ነው። አያቴ የጎጃም ሰው ነበረች፤ አንገቷን እንደ ድሪ የከበቡ መስመሮችና ነጠብጣቦች ነበሯት። በልጅነቷ የመንደሯ ነቃሽ በመርፌና በጥላሸት የሠራችላት ናቸው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ እቅፏ ውስጥ ሆኜ በጣቴ እየተከተልሁ እቆጥራቸው ነበር። ካረፈች በኋላ ከእነዚያ ረድፎች ሦስቱን በራሴ ገላ ላይ ማኖር ፈለግሁ። ፎቶግራፏን አጉልቼ አሳትሜ አንድ ዓመት ሙሉ በመሳቢያዬ አስቀምጨዋለሁ፤ ደፍሬ የምሰጠው ሰው አላገኘሁም ነበርና።

የፈራሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ ቅጠል ተነቅሼ ነበር። የሠራው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ በላስቲክ ጠቀለለልኝና «በቃ፣ ጨርሰናል» አለኝ። ሯጭ መሆኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም የሚያገናኘው ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጠባብ ካልሲ አድርጌ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጥሁ። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ዋና ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት እግሬ አብጦ፣ ግሎ፣ መግል ይዞ ክሊኒክ ገባሁ፤ አሥር ቀን ሙሉ መድኃኒት ወስጃለሁ። ቅጠሉ ዛሬም አለ፣ ግን ግማሹ ጠባሳ ነው። ያ በአያቴ ንቅሳት ላይ እንዲደገም ፈጽሞ አልፈለግሁም።

አሁን የማመሰግናትን ባለሙያ ያገኘኋት አብራኝ በምትሮጥ ጓደኛዬ በኩል ነው። ገርጂ አካባቢ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን በቀጠሮ የምትሠራ ወጣት ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሌን እጠብቃለሁ።

ነሐሴ ላይ ደውዬ «ከታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሠራልኝ ደስ ይለኛል፤ ለሩጫው እንዲደርስልኝ ነው» አልኋት። ዝም ብላ ቀጠሮ መያዝ ትችል ነበር። እሷ ግን በሳምንት ስንት ቀን እንደምሮጥ፣ የት እንደምሮጥ፣ ስፖርት ቤት እገባ እንደሆነ፣ እዋኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያም «እህቴ፣ ገንዘብሽን ብቀበል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ የላዩ ቆዳ ገና እየተላጠ ነው። ወይ ከመስቀል በኋላ ወዲያው እንሥራው፣ ወይም ሩጫው ይለፍና ነይ» አለችኝ። ዝናቡ ሲያልፍ ጭቃው ይቀንሳል፤ እስከ ኅዳርም ሰባት ስምንት ሳምንት ይገኛል። ለመስከረም መጨረሻ ተቀጣጠርን። ስልኩን ልዘጋ ስል «የምትሮጭበትን ልብስ ይዘሽ መምጣት እንዳትረሺ» ብላ ጨመረች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ገባኝ። የስፖርት ጡት መያዣዬን እንድለብስ አደረገችና መስታወት ፊት አቁማ «ባለሽበት ሩጪ» አለችኝ። እጄን እያወዛወዝሁ ስሮጥ ከኋላዬ ቆማ ቆዳዬ የት እንደሚታጠፍ፣ ማንገቻው እየተንሸራተተ የት የት እንደሚደርስ ተመለከተች። ከዚያ በብዕር ማንገቻው የሚነካውን ቦታ ግራና ቀኙን አሰመረችው። እኔ ንቅሳቱ እንዲያርፍ የፈለግሁት ልክ በዚያ መካከል ነበር! በሁለት ጣት ለክታ ወደ ታች አወረደችው። «እዚህ ከሆነ ማንገቻው አይፈገፍገውም፤ እዚያ ቢሆን ግን ባልዳነ ቁስል ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ገመድ እንደ መጎተት ነው» አለችኝ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሩጫ ውስጥ ስንት ሺህ እርምጃ እንዳለ ሯጭ ያውቀዋል።

መርፌውን ፊት ለፊቴ ከማሸጊያው አወጣች፤ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አሳየችኝ። በመካከል ስልኳ ጠርቶ ስትነካው የእጅ ጓንቷን ጥላ አዲስ አደረገች። ጆሮዬ ሲበሳ ጠባሳው አብጦ ያውቅ እንደሆነ፣ በቤተሰባችን እንዲህ ያለ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የማበጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ላለበት ሰው እንደማትነቅስ ነገረችኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የአያቴን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ከፎቶግራፉ እያየች ስታኖራቸው፣ አንዷ ከረድፏ ትንሽ ዘንበል ያለች ነበረች፤ «ላስተካክላት?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳለች ትሁን አልኋት፤ እንዳለች አኖረችልኝ።

የአብዛኛው ነቃሽ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። የእሷ ግን ከዚህ በኋላ ነው የጀመረው ብል አላጋነንሁም።

ቁስሉን በስስ ግልጽ ተለጣፊ ፕላስቲክ ሸፈነችልኝና ሦስት ቀን ያህል እንዳልነካው ነገረችኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ልብሴን ሳወልቅ ከፕላስቲኩ ሥር ጥቁር ፈሳሽ ተጠራቅሞ እንደ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ በታችኛው ጠርዝም እየተንጠባጠበ ነጭ ቀሚሴን አበላሽቶታል። የቁርጭምጭሚቴ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ተንቀጠቀጠ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ያም ሆኖ ደወልሁ። አነሳች። ፎቶ ልኬላት አይታ፣ ፈሳሹ ከገላዬ የወጣ ውሃና ትርፍ ቀለም እንደሆነ፣ መጠራቀሙ በራሱ እንደማያስፈራ፣ ጠርዙ ተከፍቶ መፍሰሱ ግን ቆሻሻ ስለሚያስገባ መነሣት እንዳለበት አስረዳችኝ። «ወደ ላይ እንዳትመነጭቂው። ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስሽበት፣ ጠርዙን ይዘሽ ከቆዳሽ ጋር አስተኝተሽ ወደ ጎን ሳቢው» አለች። እጄ ወደ ጀርባዬ በደንብ ስለማይደርስ ታናሽ እህቴን ጠራኋት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀምጠን፣ እሷ እየመራች እህቴ ቀስ እያለች ላጠችው። ከዚያ በእጅ ብቻ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጠበ፤ በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ተጭኖ ደረቀ። «ፎጣሽን አይደለም፣ የወረቀት» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችን። ሃያ አምስት ደቂቃ ስልክ ላይ ቆይታለች። ለዚያ ማታ አንድ ብር አልተቀበለችኝም።

የሩጫውን ነገር በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ነበር፤ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌ ኖርሁበት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም ሩጫ የለም፤ በእግር መሄድ ብቻ። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሰፊ የጥጥ ካናቴራ ለብሼ ሠላሳ ደቂቃ ዘና ያለ ሩጫ። ላብ በራሱ ቀለም አያጥብም፤ ክፋቱ ላቡ እርጥብና ጠባብ ልብስ ሥር ታምቆ ሲቆይ ነው፣ ያን ጊዜ ቁስሉ ይላላል፣ ጀርምም ይራባበታል። ስለዚህ ሩጫው እንዳበቃ ቆሜ ማውራት ቀርቶ ቀጥታ ወደ ቤት፣ ወደ መታጠቢያ። ቅባቱ ለሦስቱም ረድፍ የስንዴ ፍሬ ታህል ብቻ፤ ቆዳው እንዲወዛ እንጂ እንዲታፈን አይደለም።

እኔ ያላሰብሁት የስፖርት ቤቱ ምንጣፍ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ የሆድ እንቅስቃሴ መሥራት ልማዴ ነው፤ እሷ ግን ብዙ ሰው ያላበበት ምንጣፍና አግዳሚ ላይ በክፍት ቁስል መተኛት ከሩጫው ይልቅ እንደሚያሰጋት ነገረችኝ። ሦስት ሳምንት ቆሜ የሚሠራውን ብቻ ሠራሁ። ዋና ለአንድ ወር ሙሉ ተከለከልሁ፤ ገላ መታጠብ እንጂ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለም፣ የእንፋሎት ክፍልም እንዲሁ።

ፀሐይን በተመለከተም እንዲሁ ጥብቅ ነበረች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንወጣበት እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን አይታወቀንም። ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንዳልቀባበት፣ ልብስ ብቻ እንዲሸፍነው አዘዘችኝ፤ ከዳነ በኋላ ደግሞ ቅባቱን ሳልቀባ ትከሻዬን ገልጬ እንዳልወጣ። ቀለም የሚያደበዝዘው ዓመታት ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ነው ትላለች።

በሁለተኛው ሳምንት መላጥና ማሳከክ ጀመረ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ይረግፍ ነበር። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። አትከኪው፣ በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ምቺው አለችኝ። እናቴ ይህን ስታይ ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። ቁስል ሁሉ በቅቤ ይለሰልሳል ብላ ያደገች ሴት ናት፤ ሐሳቧን ማስቀየር አልቻልሁም። በመጨረሻ ባለሙያዋን በስልክ አገናኘኋቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ያሉት ለደረቀ ቆዳ እውነት ነው፤ ይኼ ግን ገና አፉን ያልገጠመ ቁስል ነው፣ ቅቤው ጀርም ይይዝበታል። ሲድንላት እርስዎ ራስዎ ይቀቡላታል» አለቻት። እናቴ ስልኩን ስትዘጋ «ጨዋ ልጅ ናት» አለች። ቅቤውንም መልሳ ወሰደች። ንቅሳቱን ገና ያልወደደችው እናቴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ታጠብሽ?» ብላ የምታስታውሰኝ እሷ ሆነች።

ሐኪም አለመሆኗንም ደጋግማ ትናገራለች። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ «እኔ ጋ እንዳትደውይ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ» ብላኛለች። ባለፈው ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ቢኖር ቁርጭምጭሚቴ ጠባሳ ባልሆነ ነበር።

ከእኔ በኋላ ሦስት ሰው ልኬላታለሁ። አንዱ በየእሑዱ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ እግር ኳስ የሚጫወት የሥራ ባልደረባዬ ነው። ባቱ ላይ እንዲሠራለት ፈልጎ ነበር፤ የእግር መከላከያው የሚያርፍበትን ቦታ አይታ፣ አንድ ወር ከጨዋታ መራቅ የማይችል ከሆነ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ እንዲጠብቅ መክራ መለሰችው። ያኔ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ቀጠሮውን ለክረምት ይዟል።

ለማማከር የምትፈልጉ እንድታውቁት፦ ዋጋዋ ከብዙዎቹ ከፍ ይላል፣ ቀጠሮዋም ቶሎ አይገኝም፤ እኔ ራሴ ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። የቸኮለ ሰው አታስተናግድም።

እሑድ ዕለት መንገድ ላይ ውሃ ሲረጩብን ካናቴራዬ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ። ከስምንት ሳምንት በፊት ቢሆን በጭንቀት እሞት ነበር። ቤት ገብቼ እህቴ ፎቶ አነሳችልኝና ለባለሙያዋ ላክሁላት። የመለሰችልኝ ስለ ሰዓቴ ጠይቃ አልነበረም፤ «ዘንበል ያለችው ነጥብ እንዳለች ናት» ብላ ነው የጻፈችልኝ።

ባለሙያዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅሽን ይባርከው።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ የምትሮጡበትን፣ የምትጫወቱበትን ልብስ ይዛችሁ ሂዱ፤ መስታወቱ ፊት ታቆማችኋለች።