አካውንቲንግ ተመርቃችሁ ሥራ ለምትፈልጉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፦ ምስጋናም ጥቆማም

በደሴና በኮምቦልቻ ድርጅቶች ሒሳብ ክፍል የምንሠራ ባልደረቦች ነን። ፒያሳ አካባቢ በትንሽ ቢሮ የነጋዴ ሒሳብ እየሠሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ተመራቂ የሚያለማምዱ አንዲት ባለሙያ አሉ። ስሜ አይውጣ ስላሉ ልጆቹ እንደሚጠሯቸው "እትዬ" እንበላቸው። እርሳቸው ጋ ለምዶ የመጣ ልጅ ያስታውቃል። ደረሰኝ ሲሰጡት ድምሩን ከማየቱ በፊት ቀኑን፣ የገዢውን ስምና ቲን ቁጥሩን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን) ያያል።

ተመራቂ ዴቢትና ክሬዲት አይጠፋውም። የሚቸግረው ወረቀቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው። ስለዚህ እትዬ በመጀመሪያ ኮምፒውተር አያስነኩም፤ ከፔቲ ካሽ፣ ማለትም ለጥቃቅን ወጪ በሳጥን ከሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ፣ ይጀምራሉ። ሳጥኑ የ5,000 ብር ከሆነ፣ ጥሬ ገንዘቡና የወጪ ሰነዱ በማንኛውም ሰዓት ተደምረው 5,000 መምጣት አለባቸው። 3,180 ብር ካለ የ1,820 ብር ሰነድ ይፈለጋል። "ነገ ይመልሳል" ተብሎ በቃል የወጣ ገንዘብ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፣ ፍሉድም አይቀባም፤ ዋናው ከነቅጂው "ተሰርዟል" ተብሎበት ጥራዙ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ቫት ነው። ዋጋው ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር ሲሆን ብዙ ጀማሪ በ15 በመቶ አባዝቶ 1,725 ይላል። ትክክሉ ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ዋጋው 10,000፣ ቫቱ 1,500 ይመጣል። በጡረታም እንዲሁ ይሳሳታሉ። መደበኛ ደመወዙ 8,000 ብር ከሆነ 7 በመቶው፣ ማለትም 560 ብር፣ ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ 11 በመቶው፣ 880 ብር፣ ከአሠሪው ነው፤ ገቢ የሚደረገው 1,440 ብር ነው። አንዱ የትራንስፖርት አበሉን ደምሮ ያሰላል፤ ሌላው 880ውንም ከሠራተኛው ላይ ይቆርጣል። ይኼኛው እንኳ ደመወዝ በወጣ ቀን ጩኸት ያስነሳል።

በጣም የምናመሰግናቸው ግን ስለ ኤክሴል ነው። ቲን ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ በ00 ሲጀምር ኤክሴል ዜሮዎቹን ይውጣቸዋል። ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከተጻፈ በኋላ መለወጥ የጠፋውን ዜሮ አይመልስም። የእኛ ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብትጽፉ፣ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር፣ ፌብሩዋሪ፣ 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል ቀን ነው ብሎ አይቀበልም፤ በቀን ቅደም ተከተል ስትደረድሩ ከቦታው ይወጣል። ጳጉሜ 5ን 05/13 ብትሉት፣ ወር በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ሜይ 13 ይሆንና ማንም ሳያየው ያልፋል። እትዬ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብለው በሦስት ዓምድ ያስጽፋሉ፤ በዓመት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በቀን ይደረደራል። በሐምሌ ዓመቱን ለሚዘጋ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

የባንክ ማስታረቅ ላይ፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ስናመሳክር፣ ልዩነት ሲመጣ ዝም ብሎ ከላይ መጀመር የለም። መጀመሪያ ያልተመነዘሩ ቼኮችና የባንኩ የአገልግሎት ክፍያ ይታያሉ። ከዚያም ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ይሆናል፤ 4,560 የነበረው 4,650 ሲጻፍ ልዩነቱ 90 ነው። ሁሌ አይደለም፣ ግን ብዙ ፍለጋ ያስቀራል።

ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱም በጥቂቱ ነው፤ ቢሯቸው ያለው ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ ተራ መጠበቅ አለ። ሰርተፊኬትም አይሰጡም። ለሲቪ ማሞቂያ ወረቀት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ።

እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እርስዎ ያለማመዷቸው ልጆች የእኛንም ሥራ አቅልለውልናል።

መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ቢሯቸውን እንጠቁማችኋለን። ስትሄዱ ካልኩሌተር፣ እስክሪብቶና ባለመስመር ደብተር ያዙ፤ ላፕቶፕ ለጊዜው አያስፈልግም።